ቀጠሮውን አክብሮ የመጣው ጎርፍ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ምሳ ከተበላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ አቶ ይርዳው ጫኔ ጭቃ ሰፈር በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሕልም አየ። የከሰዓት በኋላ ምስክሮቹን እየጠበቀ ነበር። ትንሽ ዓይኔን ልክደን ብሎ ነው እንጂ ሕልም የማየት ሐሳብ አልነበረውም። እንቅልፍ ግን የሚያሳየውን አስፈቅዶ አያሳይም።

መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። ይርዳው በከተማው አደጋ መከላከል ቢሮ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግሏል። ከሥራ አይቀርም፣ ጉቦ አይነካም፣ ሰው አይሳደብም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ጎርፍ ጭቃ ሰፈርን ጠራርጎ ከሄደ ወዲህ ሥራው አንድ ብቻ ሆኗል፤ ጎርፉ የደረሰባቸውን ሰዎች ምስክርነት መሰብሰብ። «ከሕዝቡ አንደበት ሰምተን ለሚቀጥለው እንዘጋጃለን» ተብሎ ቅጽ ተሰጠው። ቅጹ አርባ ሁለት ጥያቄ አለው፤ ለእያንዳንዱ መልስ የተሰመረችው ሳጥን አውራ ጣት ብታርፍባት ትሞላለች።

ሰው ግን በሳጥን ልክ አይናገርም። ነገሩን ከሥሩ ነው የሚጀምረው። «ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ጥርሱን አሞት...» አንዲት ሴት ስትለው ይርዳው እስክሪብቶውን ብድግ አድርጎ «ባጭሩ!» ይላል። «ባጭሩ፣ እናቴ! ውኃው ስንት ሜትር ገባ?» ሴትየዋ ትደነግጥና «እስከዚህ» ብላ ወገቧን ታሳያለች። ይርዳው «አንድ ሜትር» ብሎ ይጽፋል። የባልየው ጥርስ ሜዳ ላይ ይቀራል። ሰፈሩ «አቶ ባጭሩ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ እሱ ግን አልሰማም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ያንቀላፋው።

በሕልሙ ራሱን ሰልፍ ላይ አገኘው። ሰልፉ ከማዘጋጃ ቤቱ በር ተነሥቶ፣ አደባባዩን ሁለቴ ዞሮ፣ ቁልቁል እስከ ጭቃ ሰፈር ይወርዳል። የተሰለፈው ሁሉ ባለሥልጣን ነው። ከረባት ያሰረ፣ ማኅተም ያንጠለጠለ፣ ፋይል በአናቱ የተሸከመ። አንዳንዱ ቦታው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ «የእኔ ናት፣ አደራ» ብሎ ሄዷል። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸው ያወራሉ። ሰልፉን የሚያስከብረው የጥበቃ ኮፍያ የደፋ አህያ ነበር።

አንድ ወፍራም ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ከፊት ሊገባ ሞከረ።

«ወዴት ነው?» አለው አህያው።

«እኔ እኮ ሹም አይደለሁም፤ ተራ ሰው ነኝ፣ ላልፍ ነው።»

«ተራ ከሆንክ ተራህን ጠብቅ።»

ሰውየው አፍሮ ተመለሰ። ይርዳው ከፊቱ የቆመውን ሰው ትከሻ ነካ አደረገ። ሰውየው ዞር ሲሉ የቢሮው ኃላፊ አቶ ሽመክት ሆነው ተገኙ። ራሳቸው ላይ ሰማያዊ ሳፋ ደፍተዋል፤ እግራቸው ላይ የሕፃን ቦቲ ጫማ አድርገዋል።

«ጌታዬ፣ ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«ምስክርነት ልንሰጥ ነዋ።»

«ለማን?»

«ለነዋሪው! ለማን ልንሰጥ ኖሯል? እነሱ ይጽፋሉ፣ እኛ እንናገራለን።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ዛሬው ጎርፍ። አሥር ሰዓት ላይ ይገባል።»

ይርዳው ሰማዩን አየ። አንዲት ዳመና እንኳ የለችም። «ጎርፉ ገና አልመጣም እኮ!» አለ።

አቶ ሽመክት አዘኑለት። «ይርዳው፣ ይርዳው... ከመጣ በኋላ ማንን ልትጠይቅ ነው?» አሉና ሳፋቸውን አስተካክለው ፊታቸውን አዞሩ።

 ነገሩ እብደት ይመስላል፤ ግን ይርዳው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከአለቃው አፍ የሰማው የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ነበር።

ወዲያው አንድ አውራ ዶሮ ድምፅ ማጉያ ይዞ የመብራት ምሰሶ ላይ ወጣ። «ማስጠንቀቂያ! ማስጠንቀቂያ! በአሁኑ ሰዓት ምንም ዓይነት አደጋ የለም! ሁላችሁም በፍጥነት ሽሹ!» ሰልፉ በሙሉ ጫጫታ እያሰማ ሮጠ። አቶ ሽመክት ቦቲያቸው አንዱ ወልቆ ቀረ። ይርዳውም ሮጠ፤ ከምን እንደሚሸሽ ግን አያውቅም። ትንሽ እንደሮጡ ሁሉም ቆሙ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ ተመልሰው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ዶሮው ሰዓቱን አየና «ካለፈው ይሻላል» ብሎ ወረደ።

ይርዳው ገና ትንፋሹ ሳይመለስለት አንዲት የቆርቆሮ ቤት ከላይ ሰፈር እየሮጠች መጣች። ዳገት የምትወጣ ሴት ቀሚሷን እንደምትሰበስብ መሠረቷን ሰብሰብ አድርጋለች። በሯ ይንገጫገጫል፤ መስኮቷ ያለከልካል።

«የእሳት አደጋ መኪናው በየት በኩል ነው?» ብላ ጮኸች። «ተቃጠለ ብለው ደውለውልኝ ነው!»

ሁሉም ባንድ ላይ ጠቆሙ። እውነትም መታጠፊያው ላይ አንድ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ቦግ ብሎ ይነድዳል። ሳይረኑ «እናቴን! እናቴን!» እያለ ያለቅሳል። ቤቲቱ ጎንበስ አለችና በአሸንዳዋ ውኃውን ለቀቀችበት። እሳቱ ጠፋ፤ መኪናው አስነጠሰው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ መኪናው፤ ቅሬታ ግን አለበት። «ብቻ ትናንት ደውዬ ዛሬ ነው የመጣሽው።»

«ምን ላድርግ ብለህ ነው? መንገዱ ሁሉ በመኪና ተዘግቶ!» አለችው ቤቲቱ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። አንዱ ድንጋይ እንባ አውጥቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ይርዳው ጎርፉን ያየው።

ጎርፉ መንገድ ዳር አንዲት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሏል። ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ውስጡ አንድ ጎማ፣ አንድ ድስት፣ ስምንት ነጠላ ጫማ ቀስ ብለው ይዞራሉ። እንዳይረጥብ የዝናብ ልብስ ለብሷል። እጁ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዟል።

«ይቅርታ ጌታው» አለ ጎርፉ በትሕትና። «ሰዓትዎ ስንት ይላል?»

«ስምንት ተኩል።»

«ቀድሜ መጥቻለሁ ማለት ነው። ይሻላል። በየክረምቱ ሳያስታውቅ መጣ፣ ድንገት ደረሰ እያላችሁ ስሜን አጠፋችሁት። ይኸውና በደብዳቤ አስታውቄያለሁ፤ ግልባጭ ለእርስዎ ቢሮ ሄዷል። አልደረሰዎትም?»

«መዝገብ ቤት ይሆናል» አለ ይርዳው ከልማድ።

«መዝገብ ቤት!» ጎርፉ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አንድ ጫማ ከአፉ ወጣ። «እሱስ ይሁን። መንገዴን ግን ይንገሩኝ። የድሮ መውረጃዬ የት ገባ? በዚህ በኩል አልነበረም?»

«ሕንፃ ተሠርቶበታል።»

«አውቃለሁ፤ ባለፈው ገብቼበት ነበር። ሊፍቱ አስፈርቶኝ ወጣሁ።» ወረቀቱን አጠፈና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሙኝ ጌታው፣ እኔ በሰው ላይ ክፋት የለኝም። መመሪያው እንዲህ ይላል። ከአሥር ሰዓት በፊት የዛሬው ተረኛ ምስክር እውነቱን ከተናገረ፣ በላይኛው ሜዳ ዞሬ ወደ ወንዙ እገባለሁ። ካልተናገረ ደግሞ በማውቀው እሄዳለሁ።»

«የምታውቀው የት ነው?»

«ጭቃ ሰፈር ነዋ! ሌላ የት አውቃለሁ?»

«ለመሆኑ ተረኛው ምስክር ማን ነው?»

ጎርፉ ወረቀቱን እንደገና ዘረጋና ጣቱን አስኬደበት። «ይርዳው ጫኔ ይላል። ያውቁታል?»

 ይርዳው አላውቀውም ሊል አፉን ሲከፍት አህያው ከሩቅ «ይርዳው ጫኔ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። አቶ ሽመክት እጁን ይዘው «ቢሮውን እንዳታሰድብ» ብለው በጆሮው ሹክ አሉት።

ምስክርነቱ የሚወሰደው የኳስ ሜዳ ላይ ነው። ጠረጴዛ የለም። በሜዳው መካከል እማማ ውድነሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ይርዳው ያውቃቸዋል፤ ባለፈው ሳምንት ቃላቸውን ሲሰጡ ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «ባጭሩ» ብሏቸዋል። አሁን ግን መነጽር አድርገዋል፤ ጉልበታቸው ላይ አንድ የወረቀት ጥቅል ይዘዋል።

«ቁጭ በል ልጄ።»

«ቅጹን ልሙላ እማማ?»

«ትናገራለህ፤ እኛ እንሞላለን» አሉና ከኋላቸው ለቆሙ ሴቶች ምልክት ሰጡ። አሥራ ሁለት ሴቶች ጥቅሉን ይዘው መዘርጋት ጀመሩ። ዘረጉ፣ ዘረጉ፣ ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል ደረሰ። ሜዳውን ያክላል፤ ነጭ ነው፣ አንዲት መስመር የለበትም። ከላይ በኩል ብቻ አንዲት ጥያቄ ተጽፋለች። ይርዳው ሄዶ አነበባት።

«ከዚያስ?» ትላለች።

«ሌላው ጥያቄ የት ነው?»

«እሷ ብቻ ናት።»

«ሌላው አርባ አንዱስ?»

«እሷው ናት፤ እየደጋገምን እንጠይቃታለን። በል ጀምር፣ ጊዜ አለን።»

«ጊዜማ የለም!» አለ ጎርፉ ከወንበሩ ላይ፤ ትንሽ ተነሥቶ ተቀመጠ።

ይርዳው ጉሮሮውን ጠረገ። «በዕለቱ ቢሮአችን ከባለድርሻ አካላት ጋር በመሆን የተቀናጀ...» ማለት ሲጀምር አፉ ውስጥ አንድ የሚያሟልጭ ነገር ተሰማው። እንትፍ ሲል እንቁራሪት ናት። «ባለድርሻ» የምትለዋ ቃል እንቁራሪት ሆና ወጣች። ቀጥሎ «የተቀናጀ» ወጣች፤ እሷ ወፍራም ነበረች። «አፋጣኝ» ደግሞ ከወጣች በኋላ ካለችበት አልተነቃነቀችም። ይርዳው ደንግጦ «ግብረ ኃይል!» አለ፤ አራት ወጡ። ወረቀቱ ላይ አንዲት ፊደል አላረፈም።

ከሰልፉ ጩኸት ተነሣ። «ያቺ ግብረ ኃይል የእኔ ናት! መልሱልኝ!» እያሉ አቶ ሽመክት በአንድ ቦቲ እያነከሱ ሜዳው ውስጥ ገቡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከተማዋን የሚመራ ሹም ሁሉ በእንብርክኩ እየሄደ እንቁራሪት ያሳድዳል። አንዱ «አቅጣጫ አስቀምጠናል» የምትለዋን በባርኔጣው ያዛት፤ ሌላው ነጠቀው፤ ተያያዙ። አህያው ሁለቱንም በጥርሱ ለያያቸው።

«ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ!» አለ ጎርፉ። የዝናብ ልብሱን መፍታት ጀመረ።

እማማ ውድነሽ አልተቆጡም። «እነዚያ አለቁልህ?» ብለው ጠየቁት።

«መሰለኝ እማማ።»

«እንግዲያው አሁን ሰው የሚናገረውን ተናገር። ያን ዕለት የት ነበርክ?»

ይርዳው መሬት መሬት አየ። ሕልም ውስጥም ቢሆን ይህን ነገር ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለሚስቱም። ከዚያ ድምፁ ሳያስፈቅደው ወጣ።

«ቢሮ ነበርኩ። የአደጋው ስልክ ተረኛ እኔ ነበርኩ።»

ሴቶቹ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ሰመረ።

«ከዚያስ?»

«ሊነጋጋ ሲል ስልኩ ጮኸ። አንዲት ሴት ናት። ውኃ አልጋዬ ሥር ገባ አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«የቤት ቁጥር ስንት ነው አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«በሩ ላይ ነበር፣ በሩ ሄደ አለችኝ።»

እንቁራሪት የሚያሳድዱት ሹሞች ቀስ በቀስ ቆሙ። አቶ ሽመክት ሳፋቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

«ከዚያስ፣ ልጄ?»

«ቁጥር ከሌለ መመዝገብ አልችልም አልኳት። የመዝገቡ የመጀመሪያ ሳጥን የቤት ቁጥር ነው እማማ፤ እሱ ሳይሞላ ሌላው አይሞላም። እሷም... አልተቆጣችም። እሺ ቆይ ልፈልገው አለችኝ። ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኝ ነበር። በጨለማ፣ ውኃ ውስጥ፣ በሯን ልትፈልግልኝ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

«ስልኩ ተቋረጠ።»

«ከዚያስ?»

«ሻይ ጠጣሁ።»

«ስንት ስኳር?»

«ሁለት።»

ከሴቶቹ አንዷ «ሁለት» የምትለዋን ቃል ለመጻፍ ከግማሽ ሜዳ እስከ ጎሉ ድረስ ብሩሽ እየጎተተች ሄደች፤ ጽፋ ተመለሰች። አህያው ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

«ከዚያስ?» አሉ እማማ ውድነሽ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«ከዚያማ ሂድና ምስክርነት ሰብስብ አሉኝ። በየድንኳኑ ስገባ፣ አንዲት ሴት አፏን በከፈተች ቁጥር፣ ያቺ ትሆን እንዴ እያልኩ ልቤ ይመታል። ድምፅዋን አልረሳሁትም። ብዙ ካወሩ አውቃታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ብዙ አውርተው ሁሉም እሷን ካልሆኑ ደግሞ... እሱን ይበልጥ እፈራለሁ። ለዚህ ነው ባጭሩ የምለው።»

 ከኋላ ስቅስቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ዞር ቢሉ ጎርፉ ነው። በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ያለቅሳል። ባለቀሰ ቁጥር እያነሰ ሄደ። ሜዳ አክሎ የነበረው አግዳሚ ወንበር አከለ፤ ከዚያ በርሜል፣ ከዚያ ባልዲ አከለ። ጎማውና ድስቱ ደረቅ መሬት ላይ ቀሩ። በመጨረሻ የአንዲት ጆግ ውኃ ሆኖ «እግዜር ይማርዎ ጌታው፤ እኔም ያን ጠዋት ደስ አላለኝም» አለ በቀጭን ድምፅ። እማማ ውድነሽ ጆግ አመጡና አንሥተው ጨመሩት። የዝናብ ልብሱን አጥፈው ከጎኑ አስቀመጡለት።

ይርዳው ደረቱ ላይ ተጭኖት የነበረ ነገር ወደ አንድ በኩል ሲንሸራተት ተሰማው። ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው። አሥር ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ጭቃ ሰፈር ዳነ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ዶሮው ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ «አደጋ ደርሷል! ተረጋጉ!» አለ።

በዚህ መካከል አቶ ሽመክት እጃቸውን አወጡ።

«ሥነ ሥርዓት! አንድ ነገር ልበል!» አሉ። ሳፋቸውን መልሰው ደፍተዋል። «ምስክርነቱ መልካም ነው፣ ልባችንን ነክቶታል። ነገር ግን በዘንድሮው ዕቅዳችን ላይ አንድ ጎርፍ ተይዟል። አንድ ሙሉ ጎርፍ! አሁን እዚህ የማየው ጆግ ነው። ለበላይ አካል ጆግ ብለን ሪፖርት ልናደርግ ነው?»

«አይሆንም!» አሉ ሹሞቹ ባንድ ድምፅ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይሙላ!»

ሁሉም ቦርሳቸውን ከፈቱ። ከየቦርሳው ከስብሰባ የተረፈ፣ ግማሹ የተጠጣ፣ የታሸገ ውኃ ወጣ። አንዱ ከደረት ኪሱ፣ አንዱ ከካልሲው አወጣ። አንዱማ የዛሬ ስድስት ዓመት ከተደረገ ዓውደ ጥናት የተረፈ ውኃ አለኝ አለ። ሰልፉን ጠብቀው፣ ተራ በተራ፣ ጆጉ ላይ መገልበጥ ጀመሩ።

«ተዉ! በእናታችሁ ተዉ!» ይርዳው ጆጉን ሊያቅፈው ሮጠ። «አሁን እኮ ተናገርኩ! ሁሉንም ተናገርኩ!»

ጆጉ ሞልቶ ፈሰሰ። የፈሰሰው ባልዲ ሞላ፤ ባልዲው በርሜል ሞላ። ጎርፉ እየተነሣ፣ የዝናብ ልብሱን እየፈለገ፣ ከላይ ሆኖ ይርዳውን በኀዘን አየው።

«ይቅርታ ጌታው» አለ። «እኔ ብዬ አይደለም። ዕቅድ ውስጥ ገብቼ ነው።»

የአሥር ሰዓት ደወል ተደወለ። እማማ ውድነሽ ወረቀታቸውን በፍጥነት እየጠቀለሉ «ከዚያስ? ልጄ፣ ቶሎ በል፣ ከዚያስ?» ይሉታል። ይርዳው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ጎርፉ ግንባሩን መታው።

ነቃ።

አንዲት ጠብታ ናት። ከድንኳኑ ስፌት ሾልካ ግንባሩ ላይ ወርዳለች። ውጭ ካፊያ ይጥላል። ከፊቱ ጠረጴዛው አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ባዶው ቅጽ አለ። ትከሻው ላይ የማን እንደሆነ የማያውቀው ጋቢ ደርበውለታል። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ተኩል ሊሆን ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኝቷል።

ቀና ሲል ሰልፉን አየ። ከጠረጴዛው ጀምሮ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ በካፊያው ውስጥ፣ እስከ ተማሪ ቤቱ አጥር ድረስ የጭቃ ሰፈር ሰው ተሰልፏል። ሃምሳ ይሆናል፣ ስድሳም ይሆናል። አንድ ሰው አይናገርም። ጭቃው እንዳይንቦጫረቅ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። አንዲት እናት ልጇ እንዳያለቅስ ጡቷን አጉርሳዋለች። የሚያስለው ሰውዬ ለመሳል ወደ አጥሩ እየሮጠ ይሄዳል፤ ስሎ በእግሩ ጣት እየሄደ ይመለሳል።

ይርዳው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ፊቱ በኀፍረት ቀልቷል። ከፊት የቆመውን ሰው ያውቀዋል፤ ገበያ ውስጥ እህል የሚሸከም፣ ደግፌ የሚባል ጎልማሳ ነው።

«ምነው አትቀሰቅሱኝም ነበር?» አለው። «ይሄን ሁሉ ሰዓት በዝናብ! ኑ ግቡ፣ ምስክርነታችሁን ልቀበል። ዛሬ እንደፈለጋችሁ አርዝሙት።»

«ኧረ ሰልፉ ለምስክርነት አይደለም ጌታዬ» አለ ደግፌ። ሕፃን እንዳስተኛ ሰው ያንሾካሹካል። «ቃላችንንማ ብዙዎቻችን ሰጥተንዎታል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

ደግፌ ወደ ኋላ ዞሮ ሰዎቹን አየ፤ ሊናገር አፈረ። ዓይኖቹ ደም መስለዋል። ይርዳው ያን ጊዜ ነው የሌሎቹንም ዓይን ያየው፤ ሁሉም እንደዚያው ነው።

«ከጎርፉ ወዲህ እዚህ ሰፈር እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ጋደም ባልን ቁጥር ውኃ የመጣ እየመሰለን ብድግ ነው። ሰው ሲተኛ ካየን ሰባት ሳምንታችን። እና ከምሳ በኋላ አንዷ አይታዎት ኖሮ ሮጣ ነገረችን። እንዲህ እግርዎን ዘርግተው፣ እያንኮራፉ...» ምራቁን ዋጠ። «ሲያዩት ራሱ ያሳርፋል። ሰው በዛና ተጋፋ፤ ኋላ ተራ እናድርገው አልን።»

 ደግፌ ከይርዳው ትከሻ የወረደውን ጋቢ ቀስ ብሎ አነሣና መልሶ ደረበለት። ወንበሩንም አቀረበለት።

«ትንሽ ቢጨምሩልን ጌታዬ» አለው። «ከኋላ ያሉት ገና አላዩም።»